የቴኦቸው የባሕር ምግብ ቤት እራት፦ አሳማና ቅርፊት የሌለው ዓሣ ለማትበላ እናት ምን ይታዘዛል?

ሰባት_ሻንጣ (ጠያቂ)

ሰላም ለቤቱ። ዕቃ የምናሠራበት ፋብሪካ ባለቤት በሚቀጥለው ሳምንት ሻንቶ (ቻይና) ላይ ከነቤተሰባችን እራት ጋብዞናል። ቦታው የቆየ የቴኦቸው የባሕር ምግብ ቤት ነው። ሜኑ የለውም፤ ከገንዳውና ከበረዶው ላይ እየጠቆሙ ነው የሚያዙት ተብለናል። 10 ሰው እንሆናለን፣ ከእኛ በኩል 5።

እናቴ አሳማ አትበላም። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ነገርም አትነካም፣ ማን እንዳረደው የማይታወቅ ሥጋም እንደዚያው። የ6 ዓመቷ ልጃችን የሽሪምፕ አለርጂ አለባት፣ ከንፈሯ ያብጣል። የቀረነው ሁሉንም እንበላለን፣ ጥሬውን ሸርጣን ግን ፈርተነዋል። በማግሥቱ እዚያው ቤት እኛ መልሰን ስለምንጋብዝ የሚዛኑና የሂሳቡ ነገርም ያሳስበናል። የምታውቁ በዝርዝር ንገሩን።

ድስትና_ሚዛን

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቀኑን ተመልከት። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ እናትህ ነጭ ሩዝ ታቅፈው ሊያመሹ ነው፤ ጋባዡ ደግሞ ቀን ማዛወር አይከብደውም። ቀጥለህ የማይበላውን ሁሉ አሁኑኑ በዊቻት ጻፍለት። ዝይው ቀድሞ ይያዛል፣ ዓሣውም ጠዋት ይመረጣል። ገበታ ላይ ደርሶ «ይኼን አንበላም» ማለት ጉርሻ እንደ መመለስ ይቆጠራል።

ለእናትህ የሚሆን ምግብ ግን ሞልቷል። ቴኦቸው የሚባሉት በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ምሥራቃዊ ክፍል፣ ቻዎዡ፣ ሻንቶና ጂየያንግ አካባቢ ያሉት ናቸው። ዓሣን ብዙ ሳይነካኩ ማቅረብ ያውቁበታል። ዓሣ ደግሞ «ማን ባረደው» የሚባል ጥያቄ የለበትም።

መጀመሪያ የሚታዘዘው «የዓሣ ሩዝ» የሚሉት ነው። በቻይንኛ ዩ ፋን ይባላል፤ ስሙ እንዳያሳስታችሁ፣ ሩዝ የለበትም። ድሮ ዓሣ አጥማጆች በሩዝ ፋንታ የሚበሉት ስለነበር ነው እንዲህ የተባለው። ትኩስ ዓሣ ሆዱ ሳይከፈት፣ ቅርፊቱ ሳይነሣ በቀርከሃ ቅርጫት ይደረደርና በጣም ጨው በበዛበት የፈላ ውኃ ይቀቀላል። ዓይኑ ነጭ ሆኖ ወጣ ሲል በስሏል ማለት ነው። ከዚያ ቅርጫቱ ዘንበል ተደርጎ ይንጠፈጠፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ቀዝቃዛውን ይቀርባል። ቆዳው ከነቅርፊቱ እንደ ልብስ ይገፈፋል፤ ሥጋው ብቻ ይበላል፣ የሆድ ዕቃው ይተዋል። እናትህ ቅርፊቱን በዓይናቸው አይተው ነው የሚበሉት፤ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ማጥቀሻው የፑኒንግ የባቄላ ሶስ ነው፦ ከሶያ የተብላላ፣ ጨዋማ፣ ቢጫ። ዓሣው ራሱ ጨው ስላለበት ጫፉን ብቻ ነካ ማድረግ ይበቃል።

ሁለተኛው በእንፋሎት የበሰለ ሙሉ ዓሣ ነው። የቴኦቸው አሠራር ከካንቶኑ (ከጓንግዡ አካባቢው) ይለያል። ካንቶኖች ዝንጅብልና ቀይ ሽንኩርት ቅጠል አድርገው ሶያ ሶስና የጋለ ዘይት ያፈሱበታል። ቴኦቸዎች ደግሞ በጨው የተቀመጠ ፕለም፣ ቲማቲም፣ ጨው የጠጣ ጎመን፣ እንጉዳይ፣ ቶፉና ዝንጅብል ደርድረው ከነመረቁ ያቀርቡታል፤ መረቁ ጎምዘዝ ይላል፣ ይጠጣል። ከ600 እስከ 700 ግራም የሚመዝን ዓሣ በደንብ በፈላ ውኃ ላይ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ከ1.5 ኪሎ በላይ የሆነ ዓሣ በሙሉው በእንፋሎት አታሠሩ፤ አጥንቱ ጋ እስኪደርስ ውጪው እንደ ጥጥ ይሆናል። ትልቅ ከመረጣችሁ ግማሹን በእንፋሎት፣ ራሱንና አጥንቱን በሾርባ አሠሩት።

አሁን ወጥመዱ። በዚህ የእንፋሎት ዓሣ ላይ ብዙ ቤት በቀጫጭኑ የተቆረጠ የአሳማ ስብ ይበትናል። ሲበስል መስታወት መስሎ ስለሚጠራ ከዝንጅብሉ ጋር ይመሳሰላል። ሸርጣን ከሩቅ ይታወቃል፣ ማንም አይሳሳትበትም። የእናንተ ችግር የማይታየው አሳማ ነው።

የት የት ይገኛል? አረንጓዴ አትክልት በተለይም ካይላን ከደረቀ ጠፍጣፋ ዓሣ ጋር ሲጠበስ ቅባቱ በባህሉ የአሳማ ስብ ነው። ጎመንና እንጉዳዩ ብዙ ጊዜ ከአሳማ ሥጋ ሥር ተቀቅሎ ሥጋው ሲቀርብ ይነሣል፤ ሳሕኑ ላይ አትክልት ብቻ ታያለህ። «የአገር ጠባቂ» የሚሉት የስኳር ድንች ቅጠል ሾርባ አረንጓዴ ነው፣ መረቁ ግን የሥጋ ነው። የኦይስተር (የባሕር ዛጎል ሥጋ) እንቁላል ጥብሱ በአሳማ ስብ ካልተጠበሰ ጠርዙ አይንኮሻኮሽም ይላሉ። በጣም የሚያታልለው የዓሣ ዱምፕሊንግ ነው፦ ልባሱ ከተደበደበ ዓሣ፣ ውስጡ የተፈጨ አሳማ። የዓሣ ኳሱ ግን ዓሣ፣ ጨውና ስታርች ነው፤ የሚዋኝበትን መረቅ ጠይቁ።

ዝይውም አለ። አንበሳ ራስ የሚባለው ትልቁ የዝይ ዝርያ በሶያ ሶስ፣ በጋላንጋል (ዝንጅብል መሳይ ሥር)፣ በቀረፋና በኮከብ አኒስ መረቅ ይቀቀላል። መረቁ አይደፋም፣ እየተጨመረበት ይቀጥላል። እዚያው ድስት ውስጥ የአሳማ ጨጓራና እግር አብሮ ሲገባ ይውላል። ከጎኑ የሚደረደረው ጥቁር ቀይ ነገር የረጋ የዝይ ደም ነው። ለእናትህ ከነጭራሹ አይሆንም፤ ለቀራችሁት ግን ሳትቀምሱት አትውጡ፣ በነጭ ሽንኩርትና በአቼቶ ነው የሚበላው።

ለአስተናጋጁ ይህን በል፦ «ቡ ቸ ጁ ሮው» (አሳማ አንበላም)። ይኼ ብቻውን አይበቃም! ሥጋውን ያወጡና ስቡን ይተውታል፤ ለእነሱ ስብ ቅባት እንጂ ሥጋ አይደለም። ስለዚህ ጨምርበት፦ «ቡ ፋንግ ጁ ዮው፣ ዮንግ ሁዋሸንግ ዮው» (የአሳማ ስብ አታድርጉ፣ በኦቾሎኒ ዘይት ሥሩ)። በጽሑፍ ይዘህ ብታሳይ የበለጠ ነው፣ ድምፀቱ ከተዛባ አይገባቸውም።

አረቄ_ወዳጅ

ጥሬውን ሸርጣን ለምን ትፈራላችሁ? በሶያ ሶስ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በድንብላል ቅጠል፣ በቃሪያና በነጭ አረቄ ተዘፍዝፎ ነው የሚቀርበው። አረቄው ያለውን ሁሉ ይገድለዋል። ያለ እሱ ቴኦቸው በላሁ አይባልም።

ጓንት_ያልለበሰ

@አረቄ_ወዳጅ ይኼ ወሬ ብዙ ሰው ያሳምማል። ዝፍዝፉ ውስጥ ያለው የአልኮል መጠን አነስተኛ ነው፤ ጨውና አቼቶም በጥቂት ሰዓት ሥጋውን ዘልቀው ጀርም አይጨርሱም። ጣዕም ነው የሚሰጡት። በባሕር ሸርጣን ላይ የሚያሰጋው ቪብሪዮ የሚባለው ባክቴሪያ ነው፤ ከወንዝ የተያዘ ከሆነ ደግሞ ሳንባ ውስጥ የሚገባ ትል አለ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ጠንክሮ መቆየቱ ትሉን ሊገድል ይችላል፣ ባክቴሪያውንና ቫይረሱን ግን አያጠፋም።

ከሸርጣኑ ይልቅ እኔ የምፈራው ቀይ ፈሳሽ ያላትን ትንሿን የዛጎል ሥጋ ነው። ፈላ ውኃ በላይዋ ይደፋባትና ለመክፈት ያህል ብቻ ትሞቃለች፣ ውስጧ ጥሬ ነው። ዛጎሎች ውኃ እያጣሩ ስለሚኖሩ የፍሳሽ ቫይረስ ይከማችባቸዋል። ሻንጋይ ላይ እ.ኤ.አ. በ1988 እንዲህ ባለ ያልበሰለ ዛጎል ምክንያት ወደ 300 ሺህ ሰው በሄፓታይተስ ኤ ታሟል። የአገሩ ሰዎች ራሳቸው ጥሬ ዝፍዝፉን «የቻዎሻን መርዝ» እያሉ ይቀልዱበታል፤ ሱስ ያስይዛል ለማለት ነው፣ እኔ ግን ቃል በቃል ነው የምወስደው። ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡር፣ ጉበቱ ለተጎዳና ለአረጋዊ ፈጽሞ አይሰጥም።

መብላት ያማራችሁ ቀዝቃዛውን ሸርጣን እዘዙ። በደንብ በስሎ ነው የሚቀዘቅዘው። ሆዱን ወደ ላይ አድርገው በእንፋሎት ያበስሉታል፣ ጭማቂው እንዳይፈስ። ከዚያ ቀዝቅዞ ፍሪጅ ይገባል። ሲቀዘቅዝ ሥጋው ይጠብቅና ከቅርፊቱ ይላቀቃል፤ በዝንጅብልና በአቼቶ ይበላል። ከጎኑ ያለው ግራጫ ላባ መሳይ ነገር መተንፈሻው ነው፣ አውጥታችሁ ጣሉት። ስታዙ ግን ቃሉን ለዩ፦ «ዶንግ ሺዬ» ቀዝቃዛው የበሰለ ነው፣ «ሸንግ ያን» ጥሬው ዝፍዝፍ። ሁለቱም ቀዝቃዛ ናቸው፤ የበሰለው ቅርፊት ብርቱካናማ ቀይ ይሆናል፣ ጥሬው በተፈጥሮ ቀለሙ ይቀራል።

ስለ ዓሣ ሩዙም አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ባላንግ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ከተያዘ በኋላ ሙቀት ላይ ከቆየ ሂስታሚን ያፈራል፤ ሂስታሚን በመቀቀል አይጠፋም። ምላስን እንደ ቁንዶ በርበሬ የሚቆነጥጥ ከሆነ ትፉት፣ ሳሕኑንም መልሱ። ሰው በሚበዛበት ቤት የዕለቱ በዕለቱ ስለሚያልቅ ሥጋቱ ያንሳል።

ሰባት_ሻንጣ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልን። ስለ ስቡ ፈጽሞ አላሰብንም ነበር። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ እናቴ ቆሮሶና አምባዛን ነው የምትለየው፤ ገንዳው ፊት ቆመን የቱ ቅርፊት እንዳለው በምን እናውቃለን? ሁለተኛ፣ ሕፃኗን ከሽሪምፕ እንዴት እንለያት?

ድስትና_ሚዛን

እናትህ የያዙት መለኪያ እዚያም ይሠራል። ቀይ ቢጫ መስመር ያለው ሆንግሻን፣ ባላንግና በክረምት ስብ የሚይዘው ዉዩ ቅርፊታቸው ግልጽ ነው። ሺባን የሚባለው ነጠብጣባም ዓሣ ቅርፊቱ ደቃቅ ሆኖ ቆዳው ውስጥ የተሰካ ይመስላል፤ በጥፍር ከጭራ ወደ ራስ ብትቧጭረው ይነሣል። የሚያከራክረው ቻንግዩ ነው፣ ጠፍጣፋና ብርማ የሆነው። ቅርፊት አለው፣ ግን በጣም ትንሽና በቶሎ የሚረግፍ ስለሆነ ገበያ ሲደርስ ልሙጥ ሆኖ ይታያል። ሊቃወሙ ይችላሉ፤ ሌላ እያለ አትከራከራቸው።

እንደ አምባዛው የሚተዉት፦ ዳይዩ የሚባለው ረጅም ቀበቶ መሳይ ብር (ምንም ቅርፊት የለውም) እና እባብ መሳዮቹ ሁሉ። ቆዳው ተገፎ የሚቀርብ ዓሣም አለ፤ የተገፈፈን ነገር ቅርፊት ነበረው አልነበረው ብሎ መከራከር አይቻልም፣ ይለፈው።

የልጆች_ወንበር

ስለ አለርጂው። ሽሪምፕ ውስጥ ያለው ትሮፖማዮሲን የተባለው ፕሮቲን ሙቀት አያጠፋውም። «በደንብ ይብሰል» ማለት ለአለርጂ መፍትሔ አይሆንም። ሽሪምፕ የሚያሳብጠው ልጅ ሸርጣንና ሎብስተርም የማሳበጣቸው ዕድል ከፍተኛ ስለሆነ ሦስቱንም አንድ ላይ ከልክሉ። ኦይስተርና ስኩዊድ የሐኪም ጥያቄ ነው፣ ገበታ ላይ አይሞከርም።

አደጋው ከሦስት ቦታ ይመጣል። መጀመሪያ ሻ ቻ የሚባለው ቡናማ ሶስ ነው፤ ኦቾሎኒና የደረቀ ሽሪምፕ ተፈጭቶ ይገባበታል። የበሬ ሥጋ ጥብስና ኑድል ላይ ሳይታይ ይፈሳል። ሁለተኛው የጋራ ድስት ነው፦ የዓሣ ሩዙ በተቀቀለበት ጨው ውኃ ሽሪምፕም ሊቀቀል ይችላል፣ የሽሪምፕ ኳስ የተጠበሰበት ዘይትም ለሌላው ይውላል። ስለዚህ ለልጅቷ የዓሣ ሩዙን ተዉና በራሱ ሳሕን በእንፋሎት የበሰለውን ዓሣ ስጧት፤ በእንፋሎት ማብሰያውም ሽሪምፕ ከላይ ተደርቦ እንዳይንጠባጠብበት ንገሯቸው። ሦስተኛው የሚሽከረከረው ጠረጴዛ ነው። የሸርጣኑ ማንኪያ ዓሣው ውስጥ ይገባል። የልጅቷን ድርሻ ዓሣው እንደቀረበ፣ ማንም ሳይነካው አንሡላት።

የምትሉት፦ «ሃይዘ ሺያ ሺዬ ጉዎሚን» (ልጅቷ ሽሪምፕና ሸርጣን አለርጂ አለባት)። «አንበላም» ካላችሁ ምርጫ ይመስላቸዋል፤ «ጉዎሚን» ሲባል ግን ወጥ ቤት ድረስ ይደርሳል። ሐኪም ያዘዘላት ኤፒነፍሪን (የድንገተኛ አለርጂ መርፌ) ካለ ቦርሳ ውስጥ ሆቴል አይቅር። የአለርጂ ክኒን የትንፋሽ መዘጋትን አያቆምም።

ሆዷን የሚሞላላት ነጩ የሩዝ ገንፎ ነው፣ ሙኤ የሚሉት። ገንፎ ስል የእኛን እንዳታስቡ፣ አጥሚትም አይደለም፦ ሩዙ ፍሬው ሳይፈርስ በራሱ ውኃ ውስጥ ይቀርባል። ካንቶኖች እስኪሟሟ ያፈሉታል፣ ቴኦቸዎች ፍሬው ፈንዳ ሲል እሳቱን አጥፍተው ይከድኑታል። ለእናትህም ነው የሚሆነው፤ ከጨው ፍጅል፣ ከወይራ መሳይ ፍሬና ከጎመን ከተሠራው ጥቁር አትክልትና ከጨው የዳክዬ እንቁላል ጋር።

የሚዛን_ዓይን

ወደ ማግሥቱ ግብዣችሁ ልምጣ። ዋጋው በጂን ነው የሚነገረው። በዋናው ቻይና 1 ጂን 500 ግራም፣ 1 ሊያንግ 50 ግራም ነው። ሆንግ ኮንግ ላይ ያው ቃል 605 ግራም ያህል ነው፣ ሲንጋፖር ደግሞ በ100 ግራም ይጠሩላችኋል። የሌላ ከተማ ዋጋ ይዞ መጥቶ «አጭበረበሩን» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ይህን አላስተዋለም።

«ዱዎሻዎ ቺየን ዪ ጂን» ብላችሁ ዋጋውን ከመመዘኑ በፊት ጠይቁና ወረቀት ላይ ይጻፉት። ዓሣው በቀዳዳ ቅርጫት ተንጠፍጥፎ ይመዘን እንጂ ውኃ በያዘ ላስቲክ አይሁን። ሸርጣኑ በወፍራም እርጥብ ገመድ ከታሰረ ገመዱም በሸርጣን ዋጋ ይመዘናል፤ ቀጭን የታሰረውን ምረጡ። የሚመዘነው ሆዱ ሳይጸዳ ስለሆነ ሳሕን ላይ አንሶ ቢታያችሁ አይግረማችሁ። የማብሰያ ክፍያ ለብቻው መሆን አለመሆኑንም ጠይቁ። የሚዛኑን ቁጥር ፎቶ አንሡ፣ ነውር አይደለም።

ወቅቱም ዋጋ አለው። በደቡብ ቻይና ባሕር በየዓመቱ ከሚያዝያ 23 እስከ ነሐሴ 10 (በፈረንጆቹ ከሜይ 1 እስከ ኦገስት 16) ማጥመድ ይከለከላል። በዚያ ጊዜ በረዶው ላይ የምታዩት አብዛኛው ከማቀዝቀዣ የወጣ ወይም በኩሬ ያደገ ነው። ያኔ በሕይወት የሚዋኘውን ምረጡ። ከበረዶ ላይ ከሆነ ዓይኑ ወጣ ብሎ የጠራ፣ ስንጥቡ ደማቅ ቀይ፣ ሥጋው ሲጫኑት የሚመለስ ይሁን።

ለ10 ሰው የሳሕኑ ቁጥር ከሰው ቁጥር ባይበልጥ ጥሩ ነው። የዓሣ ሩዝ በሁለት ዓይነት፣ ከ2 እስከ 2.5 ጂን የሚመዝን አንድ የእንፋሎት ዓሣ፣ አንድ ጂን ተኩል ዝይ፣ ሁለት ቀዝቃዛ ሸርጣን፣ የኦይስተር እንቁላል፣ በሶብላ ዘመድ በሆነ ቅጠል የተጠበሰ ዛጎል፣ ሁለት አትክልት፣ አንድ ድስት ሙኤ፣ መጨረሻ ጣፋጭ። ሰው ካልጠገበ ይጨመራል፤ የተረፈ ዓሣ ግን ሆቴል ይዞ መሄድ አያዋጣም።

ትንሽ_ስኒ

ማንም ያላነሣው ሻይ አለ። ምግቡ ሳይመጣ በፊትና ካለቀ በኋላ ይቀርባል፣ ከፎኒክስ ተራራ የሚመጣው ዳንኮንግ። 110 ሚሊ ሊትር በምትይዝ ክዳን ያላት ስኒ ከ7 እስከ 8 ግራም ቅጠል ይገባል፤ ከባድ ነው። ባዶ ሆድ ላይ ልብ ያስመታል፣ ለሕፃናት አይሁን፤ እናትህም አመሻሽ ላይ ከአንድ ሁለት ስኒ አይለፉ፣ እንቅልፍ ይነሣቸዋል።

ሰው ስንትም ቢሆን ስኒው በልማድ ሦስት ነው። ከአቦል፣ ቶና፣ በረካ ጋር እንዳታምታቱት፣ የዙር ቁጥር አይደለም። ስኒዎቹ በፈላ ውኃ እየታጠቡ ይዞራሉ፤ መጀመሪያ እንግዳና ሽማግሌ ይነሣሉ። ሲቀዳላችሁ በሁለት ጣት ጠረጴዛውን መታ መታ ማድረግ ምስጋና ነው። መጀመሪያ ላይ የሚመጣው ትልቅ ጎድጓዳ ከፈላ ሻይ ጋር ግን አይጠጣም፣ ሳሕንና ቾፕስቲክ ማለቅለቂያ ነው።

የዓሣው አንድ ወገን ሲያልቅ አትገልብጡት። ጀልባ መገልበጥ ነው ይባላል፣ ባሕር ዳር ያደጉ ሽማግሌ ካሉ ፊታቸው ይለወጣል። አጥንቱ ከጭራው በኩል ተነሥቶ የታችኛው ይበላል። የፊቱ ወንበር፣ በሩን የሚያየው፣ የጋባዡ ሽማግሌ ወይም የእናትህ ነው፤ እስኪያስቀምጧችሁ ቆማችሁ ጠብቁ። በእጅ የምትይዙት ነገር ጥንድ ይሁን፦ ሁለት ከረጢት ቡና ይበቃል።

ድስትና_ሚዛን

ጣፋጩን ረስቼው ነበር። የሚመጣው የጎደሬ ገንፎ ነው፣ ኦር ኒ የሚሉት፦ ጎደሬ ተቀቅሎ ይፈጭና በስኳርና በስብ ለረጅም ጊዜ ይታሻል። ስቡ በባህሉ የአሳማ ነው፤ ቀድሞ ከተነገራቸው በኦቾሎኒ ዘይት ወይም በሽንኩርት ዘይት ይሠሩላችኋል። ቀኑን ሙሉ ተሠርቶ ስለሚቀመጥ ግን ማታ ላይ መጠየቅ አይጠቅምም። ካልሆነ የደረቀውን እዘዙ፣ ፋን ሻ ይባላል፦ የጎደሬ ቁራጭ ተጠብሶ በስኳር ሽሮፕ ይለወስና ስኳሩ ነጭ አሸዋ ሆኖ ይደርቅበታል። የሚጠበስበትን ዘይት ብቻ አረጋግጡ።

ሕፃናቱን ደግሞ ከገንፎው ጠብቁ። ላዩን የሸፈነው ቅባት እንፋሎት አያሳልፍም፣ ስለዚህ የቀዘቀዘ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ምላስ ይልጣል። በማንኪያ ጠርዝ ከዳር ከዳር እያነሣችሁ፣ በትንሽ ሳሕን ዘርግታችሁ ስጧቸው።